የጣሪያ ሥራ ኢንሹራንስ፦ ከአረቦኑ በፊት መነበብ ያለበት ገጽ

ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። አንድ የጣሪያ ሥራ ተቋራጭ የአንድ ቢሮ ሕንፃ አሮጌ ሽፋን ግማሹን አንስቷል፤ አዲሱን ሜምብሬን (ውኃ የማያስገባ የጣሪያ ንጣፍ) የሚዘረጋው ነገ ጠዋት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሠራተኞቹ ደክሟቸዋል፣ ሸራው እንደተጠቀለለ መኪናው ላይ ቀረ። ሌሊት ዝናብ ጣለ። ሲነጋ የላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተደፍቷል፤ ኮምፒውተሩ፣ ፋይሉ፣ ምንጣፉ ሁሉ ውኃ ጠጥቷል። ተቋራጩ ብዙም አልደነገጠም። ኢንሹራንስ አለው፣ አረቦኑንም (ለኢንሹራንሱ የሚከፍለውን ዋጋ) አጓድሎ አያውቅም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የደረሰው ደብዳቤ ግን አጭር ነበር፦ ሥራ በቆመ ቁጥር ክፍት ጣሪያ ውኃ በማያስገባ ነገር መሸፈን ነበረበት፤ ስላልተሸፈነ ካሳ አይከፈልም።

ታሪኩን ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው፤ የውል አንቀጹን ግን አልፈጠርኩትም። ለጣሪያ ሥራ በሚጻፉ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ውሎች ውስጥ የክፍት ጣሪያ ገደብ ከተለመዱት አንዱ ነው። ብዙ ተቋራጮች መኖሩን የሚያውቁት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነው።

ጣሪያ ሠሪዎች ኢንሹራንስ ሲመርጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ሁለት ቁጥር ነው፦ አረቦኑንና ኩባንያው የሚከፍለውን ከፍተኛ የካሳ መጠን። ሁለቱም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጉልህ ተጽፈዋል። ጉዳት ሲደርስ የሚፈርደው ግን ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተደረደረው «አይሸፈንም» የሚለው ዝርዝር ነው። ሁለት ኩባንያዎች ለአንድ ሥራ በጣም የተራራቀ ዋጋ ከሰጡ፣ ርካሹ ከሥራው አደገኛውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶት እንደሆነ መጠርጠር ይሻላል። ጣሪያ ሠሪው በየቀኑ የሚሠራው ደግሞ ያንኑ የተቆረጠውን ክፍል ሊሆን ይችላል።

ኩባንያዎቹ የሚፈሩት ምንድን ነው?

የጣሪያ ሥራ ማመልከቻ ገና ሲያዩ የሚመልሱ ኩባንያዎች አሉ። የሚቀበሉትም ቢሆኑ ለቀለም ቀቢ ወይም ለንጣፍ ሠሪ የማያስቀምጡትን ቅድመ ሁኔታ ይጨምራሉ። ምክንያታቸውን መረዳት ውሉን ለማንበብ ይረዳል፤ እያንዳንዱ ገደብ ከአንድ ፍርሃት የመጣ ነውና።

የመጀመሪያው ፍርሃት መውደቅ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው መረጃ፣ በጣሪያ ሠራተኞች ላይ የተመዘገበው በሥራ ላይ የመሞት መጠን ከ100,000 የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች 57.5 ነበር። የሁሉም ሙያዎች አማካይ 3.7 ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ከጣሪያ ሠሪዎች የከፋ ቁጥር የተመዘገበው በደን ዛፍ ቆራጮች ላይ ነው። ሁለተኛው እሳት ነው፤ ሬንጅነት ያለውን ሜምብሬን በጋዝ ነበልባል እያቀለጡ ማጣበቅ፣ እርሳስና መዳብ መበየድ፣ ብረት መቁረጥ። ሦስተኛው ውኃ ነው፤ ከላይ የተነሣው ታሪክ። አራተኛው ደግሞ ጊዜ ነው። በመጥፎ ሁኔታ የተገጠመ ቧንቧ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ራሱን ያጋልጣል። በጣሪያና በግድግዳ መጋጠሚያ ላይ የተተወች አንዲት ክፍተት ግን ውኃውን ለዓመታት ቀስ እያለች ወደ እንጨቱ ልታስገባ ትችላለች። ጉዳቱ ሲታይ ተቋራጩ ሌላ ኩባንያ ዘንድ ተዛውሮ፣ ምናልባትም ሥራውን ትቶ ሊሆን ይችላል።

የኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለማን ነው?

በመሠረቱ ላይ ያለው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። በሥራው ምክንያት ሌላ ሰው ሲጎዳ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ሲበላሽ ካሳውን፣ ብዙ ጊዜም የጠበቃውን ወጪ ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ቅሬታ የሚያስነሣ አለመግባባት አለ። ጣሪያው አፍስሶ የደንበኛው ዕቃ ቢበላሽ ለዕቃው ሊከፈል ይችላል። በመጥፎ የተሠራውን ጣሪያ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ግን በአብዛኛው አይከፈልም። ኩባንያዎቹ የሥራው ጥራት የባለሙያው የራሱ ዕዳ ነው ብለው ያምናሉ፤ ያንን ከሸፈኑ ግዴለሽነትን መደጎም ይሆንባቸዋል። በዚህ ነጥብ ላይ ከእነሱ ጋር ለመከራከር ይከብደኛል። የሚያሳስበኝ ተቋራጩ ይህን ሳያውቅ ለደንበኛው «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ጣሪያው ቢያፈስ እነሱ ይጠግኑታል» ብሎ ቃል መግባቱ ነው።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ውሉ የሚነቃው መቼ እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ውል ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ያያል፤ የካሳ ጥያቄው ከዓመታት በኋላ ቢቀርብም ጉዳቱ ሲደርስ ውሉ በሥራ ላይ ከነበረ ይሸፍናል። ሌላው ጥያቄው የቀረበበትን ቀን ነው የሚያየው። ውሉ ካልታደሰ ወይም ተቋራጩ ኩባንያ ከቀየረ፣ ለቀደሙት ሥራዎች የሚመጣ ጥያቄ መያዣ ሊያጣ ይችላል። ጉዳቱ ዘግይቶ ለሚታይ እንደ ጣሪያ ላለ ሥራ የመጀመሪያው ዓይነት በእጅጉ ይመረጣል። ሁለተኛውን ለመውሰድ የተገደደ ሰው ወደኋላ እስከየት ቀን እንደሚሸፍንለትና ውሉን ሲያቋርጥ ጥያቄ የማቅረቢያ ተጨማሪ ጊዜ መግዛት ይችል እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ተጠናቅቆ ለተረከበ ሥራ የሚሰጠው ሽፋን ነው። አንዳንድ ርካሽ ውሎች ተቋራጩ ጣሪያው ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ያጅቡትና መሰላሉን ሲያነሣ አብረው ይወርዳሉ። ሕጉ ግን አይወርድም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በጥር 1978 የወጣው ሕግ የሕንፃውን ጽናት ለሚነካ ወይም ሕንፃውን ለታለመለት አገልግሎት እንዳይውል ለሚያደርግ ጉዳት ገንቢውን ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ለዚሁ ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድደዋል። በሌሎች አገሮች ዘመኑ ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ተቋራጩ የሚሠራበት አገር ሕግ የሚጠይቀው ዓመትና ውሉ የሚሸፍነው ዓመት ካልተገናኙ፣ በመሃል ያለው ጊዜ በራሱ ኪስ የሚሸፈን ነው።

የ«አይሸፈንም» ዝርዝር

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ ቆም እንበል።

ከእሳት እንጀምር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1989 በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው አፕፓርክ የተባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ተቃጠለ። መንስኤው ጣሪያው ላይ እርሳስ ሲጠግኑ የነበሩ ሠራተኞች የተጠቀሙበት የነበልባል መሣሪያ ነበር፤ የእድሳት ሥራው ሊጠናቀቅ የቀሩት ቀናት ብቻ ነበሩ። ቤቱ ተጠግኖ ለጎብኚ የተከፈተው በ1995 ነው። ለተቋራጭ ትምህርት የሚሆነው የኮንትራቱና የጉዳቱ አለመመጣጠን ነው። የተያዘው ሥራ ጥገና ነበር፤ የወደመው ሙሉ ቤት ነው።

ለዚህም ነው ኩባንያዎች ነበልባል ለሚነካ ሥራ ጠበቅ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጡት። ከመጀመር በፊት በጽሑፍ ፈቃድ መስጠት፣ ተቀጣጣይ ነገር ማራቅ ወይም መሸፈን፣ እሳት ማጥፊያ በአጠገብ ማኖር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው ካቆመ በኋላ አንድ ሰው ቦታውን እየተመለከተ እንዲቆይ ማድረግ። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለብየዳና ለመሰል ሥራዎች በሚያወጣው ደረጃ ይህ የጥበቃ ጊዜ ቀድሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ነበር፤ በ2019 እትም ወደ 60 ደቂቃ ከፍ ብሏል። በጣሪያ ንብርብር ውስጥ የገባ ፍም እሳት ሳይታይ ለረጅም ጊዜ ሊጤስ ስለሚችል ነው። ውሉ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ሊጠይቅም ይችላል። ፎርማኑ ሠራተኞቹን በአሥራ አንድ ሰዓት የሚያሰናብት ከሆነና ነበልባሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚነድ ከሆነ ያ ቅድመ ሁኔታ በየቀኑ እየተጣሰ ነው ማለት ነው፤ ኢንሹራንሱ በወረቀት ላይ ብቻ አለ። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ቅድመ ሁኔታ እንኳ አያስቀምጡም፤ ማንኛውንም በነበልባል የሚሠራ ጣሪያ ከነአካቴው ያገልላሉ። ሥራው ዘጠና በመቶ ሜምብሬን ማቅለጥ ለሆነ ተቋራጭ እንዲህ ያለ ውል ምን ይጠቅመዋል?

ሌላው ገደብ ከፍታ ነው። «ከዚህን ያህል ሜትር በላይ» ወይም «ከሦስት ፎቅ በላይ» የሚደረግ ሥራ አይሸፈንም የሚል አንቀጽ በአንዲት መስመር ተጽፎ ሊያልፍ ይችላል። ሜትሩ የሚለካው ከመሬት እስከ ጣሪያው ጠርዝ ነው ወይስ እስከ ጫፉ? ሕንፃው ተዳፋት ላይ ከቆመስ በየትኛው ጎን? በጽሑፍ መልስ ይጠየቅ። የመኖሪያ ቤትን፣ በተለይም የጋራ መኖሪያ ሕንፃን የሚያገልሉ ውሎችም አሉ፤ አንድ ስህተት በብዙ ቤቶች ላይ ስለሚደገምና ከሳሹም ስለሚበዛ። ሻጋታ፣ አስቤስቶስና ብክለት በአብዛኛው ከሽፋኑ ውጪ ናቸው። አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ የሚያነሣ ሰው የብክለት ኃላፊነትን ለብቻው መግዛት ሊኖርበት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የንዑስ ተቋራጭ አንቀጽ ይመስለኛል። በጣሪያ ሥራ ዋናው ተቋራጭ ሥራውን ወስዶ ቡድን መቅጠሩ፣ ቡድኑም ሌላ መጥራቱ የተለመደ ነው። ብዙ ውሎች ታዲያ ይህን ይላሉ፦ ንዑስ ተቋራጩ ቢያንስ ከእርስዎ እኩል የሆነ ኢንሹራንስ ከሌለው፣ እርስዎን ከኪሳራ የሚጠብቅ የተፈረመ ውል ካልሰጠዎትና በእሱ ውል ላይ ስምዎ ተጨማሪ መድን ገቢ (በእሱ ኢንሹራንስ አብሮ የሚሸፈን) ሆኖ ካልተመዘገበ፣ በእሱ ሥራ ለሚመጣ ጉዳት ሽፋን የለዎትም። አንዳንዱ ሽፋኑን ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል። ከእኒህ ሦስት ወረቀቶች አንዱ በጎደለበት ቀን ዋናው ተቋራጭ የቡድኑን ስህተት በራሱ ንብረት እየተወራረደበት ነው።

ተመሳሳይ ወጥመድ የንዑስ ተቋራጩ ሠራተኛ ሲጎዳ አለ። በብዙ ቦታ ሠራተኛ ከአሠሪው የጉዳት ካሳ ካገኘ አሠሪውን በፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። ሌሎችን ግን ይከሳል፤ የሕንፃውን ባለቤት፣ ዋናውን ተቋራጭ። እነሱ ደግሞ በኮንትራቱ ላይ «በዚህ ሥራ ለሚመጣ ክስ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ ወደ ፈረመው አሠሪ ይዞራሉ። ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። በኒው ዮርክ ግዛት ከ1885 ጀምሮ ያለው የስካፎልዲንግ (የግንባታ መወጣጫ) ሕግ ከከፍታ በመውደቅ ለሚደርስ ጉዳት ባለቤቱንና ተቋራጩን በጥብቅ ተጠያቂ ስለሚያደርግ፣ ለዚያ ግዛት የሚጻፉ ብዙ ውሎች ይህንን ዞሮ የሚመጣ ክስ በግልጽ ያገልላሉ። ከዚያ ውጪ የሚሠራ ሰው አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ግን አንቀጹ በሌላ ቦታ ውሎች ውስጥም ሊገባ ስለሚችል መፈለጉ አይከፋም።

ጣሪያው ላይ የሚወጡት ሰዎች

የሠራተኛ ጉዳት ካሳ በብዙ አገር ምርጫ አይደለም። ጀርመን በ1884 የሥራ አደጋ ኢንሹራንስ ሕግ አወጣች፤ በብሪታንያ የ1969ኙ ሕግ አሠሪዎች ቢያንስ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ የአሠሪ ኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ልግባ ወይስ ይቅር» የሚለው ብዙ አያነጋግርም። የሚያነጋግረው ማን ተቆጠረ የሚለው ነው።

አረቦኑ በተለምዶ የሚሰላው በደመወዝ ድምርና በሥራው ዓይነት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ግምት ይሰጣል፣ በመጨረሻ ኩባንያው መዝገብ አይቶ ያስተካክላል። የጣሪያ ሠራተኛ ምድብ ከውድዎቹ አንዱ በመሆኑ ሰውን ሁሉ በራሱ የሚተዳደር ባለሙያ ብሎ ማስመዝገብ ያጓጓል። ሰውየው መሰላሉም፣ መሣሪያውም፣ የሥራ ሰዓቱም የተቋራጩ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ወይም መርማሪ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ይልቅ አሠራሩን ሊያይ ይችላል። አደጋ ከደረሰ ካሳው ከተቋራጩ ሊጠየቅ ነው። አደጋ ባይደርስም ኢንሹራንስ የሌለው ንዑስ ተቋራጭ የተከፈለው ገንዘብ በዓመቱ ማጠቃለያ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ተጨማሪ አረቦን ሊያስከትል ይችላል። ቅናሽ የመሰለው ነገር በዓመቱ መጨረሻ የክፍያ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል።

አንድ የተረሳ ሰው አለ፦ ባለቤቱ ራሱ። በትንንሽ ድርጅቶች ጣሪያው ላይ አብዝቶ የሚውለው እሱ ነው። ሆኖም በብዙ ሕጎች የድርጅቱ ባለቤት ወይም ሸሪክ ካልተመዘገበ በሠራተኞቹ ሽፋን ውስጥ አይካተትም። እግሩ ቢሰበር ሥራው ይቆማል፣ ቤቱም ይቆማል። እኔ ብሆን ከሁሉም ተጨማሪ ሽፋን ቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ገና ያልተጠናቀቀው ጣሪያ የማን ነው?

የኃላፊነት ኢንሹራንስ ስለ ሌሎች ንብረት ያስባል። በግማሽ የቆመውን ጣሪያ፣ በግቢው የተከመረውን ቆርቆሮ፣ ክሬን ሲያነሣው የወደቀውን የኢንሱሌሽን (የሙቀትና ቅዝቃዜ መከላከያ) ጥቅል አያውቀውም። ለዚያ የሥራ ተቋራጮች ሁለንተናዊ ስጋት ኢንሹራንስ አለ። የዚህ ዓይነቱ ውል የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1929 ለንደን ውስጥ ለላምቤዝ ድልድይ ግንባታ የተሰጠው እንደሆነ ይነገራል። በትልልቅ ግንባታዎች ብዙ ጊዜ የሚገዛው የፕሮጀክቱ ባለቤት ወይም ዋናው ተቋራጭ ነው። ጣሪያ ሠሪው «ተገዝቷል» የሚለውን ሰምቶ ከመቀመጥ ይልቅ የእሱም ስም ውስጡ መኖሩን፣ ግቢ ውስጥ ያልገባና በመጋዘን ወይም በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ መሸፈኑን፣ እያንዳንዱ ጉዳት ላይ ከካሳው የሚቆረጠው ተቀናሽ (ኩባንያው የማይከፍለው ድርሻ) በማን ላይ እንደሚወድቅ ማየት አለበት። የነባር ሕንፃ እድሳት ከሆነ ደግሞ ነባሩ ሕንፃ ራሱ በዚህ ውል መያዙ እንደ ነገሩ ይለያያል።

በዚህ ውል ውስጥ ስለ ስህተት ሥራ የሚለው አንቀጽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በገበያው በሰፊው የሚሠራበት የለንደን ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ያዘጋጃቸው ሦስት ደረጃዎች ናቸው። በመጀመሪያው በስህተት ዲዛይን፣ ዕቃ ወይም አሠራር የመጣ ጉዳት ሁሉ ውጪ ነው። በሁለተኛው ጉዳቱ ይከፈላል፤ ከጉዳቱ በፊት ስህተቱ ቢታረም ኖሮ የሚወጣው ወጪ ግን ይቀነሳል። በሦስተኛው የማይከፈለው ሥራው ከመጀመሪያው ይልቅ የተሻሻለበት ወጪ ብቻ ነው። ምስማሩ አንሶ በነፋስ የተገለበጠ ጣሪያ በመጀመሪያው ምንም አያስገኝም፤ በሦስተኛው አብዛኛውን ሊያስገኝ ይችላል። አረቦናቸውም እንደዚያው ይለያያል።

የመድን መጠኑን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ንብረቱ 10 ሚሊዮን የሚያወጣ ሆኖ 6 ሚሊዮን ብቻ ከተመዘገበ፣ በብዙ ውሎች ኩባንያው ማንኛውንም ጉዳት 60 በመቶ ብቻ ይከፍላል። የ1 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስ 600,000 ማለት ነው፤ «ጉዳቱ ከ6 ሚሊዮን በታች ነው» ማለት አያዋጣም። የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ በሥራው መሃል ከጨመረ የተመዘገበውም መጠን አብሮ መታደስ አለበት።

መኪናውና መሣሪያው በየራሳቸው ውል ይሸፈናሉ፤ እዚያ ብዙ ምሥጢር የለም፣ ሌሊት መኪና ውስጥ የተተወ መሣሪያ መካተቱን ከማረጋገጥ በቀር። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ግን ኢንሹራንስ ይመስላል እንጂ አይደለም። ዋሱ ለፕሮጀክቱ ባለቤት ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከተቋራጩ ይጠይቃል። በብድር ዓይን ቢታይ ይቀርባል።

ስንት ይበቃል?

የካሳውን ከፍተኛ መጠን ከኮንትራቱ ዋጋ ጋር አስተያይቶ መወሰን ስህተት ነው። ለአንዲት አሸንዳ ጥገና የተጠራ ሰው ሆስፒታል ጣሪያ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከእግሩ በታች ያለው ነው፤ ሕንፃው፣ ውስጡ ያለው ዕቃ፣ ሥራው ቢቋረጥ የሚጠፋው ገቢ፣ ከጎኑ ያለው ጎረቤት ሕንፃ። ቁጥሩ ለአንድ ጉዳት ነው ወይስ ለዓመቱ በሙሉ የሚለውም መታየት አለበት። የዓመቱ ድምር በአንድ ሥራ ላይ ካለቀ የቀሩት ሥራዎች ባዶ ይቀራሉ፤ ለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተለየ ድምር የሚሰጡ ውሎች አሉ። የጠበቃ ወጪ ከዚያው መጠን ላይ የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ ረጅም ክርክር የካሳውን ገንዘብ ራሱ ይበላዋል። በላዩ ላይ ተጨማሪ ሽፋን የሚገዛ ሰው ላይኛው ውል የታችኛውን ተከትሎ እንደሚሄድ ያረጋግጥ። የራሱ «አይሸፈንም» ዝርዝር ካለው በታች የተሸፈነው በላይ ላይሸፈን ነው።

ተቀናሹን ከፍ ማድረግ አረቦን ይቀንሳል። ጥሩ ንግድ የሚሆነው ግን ገንዘቡ በእጅ ሲኖር ነው፤ በአንድ ክረምት ጣሪያ አፈሰሰ የሚል ሦስት የካሳ ጥያቄ ቢመጣ ተቀናሹ ሦስት ጊዜ ይከፈላል።

አዲሱ ሥራ፦ የፀሐይ ኃይል ፓነል

በየቦታው ጣሪያ ሠሪዎች አሁን የፀሐይ ኃይል ፓነል እንዲገጥሙ ይጠየቃሉ። ጣሪያውን ስለሚያውቁት ተፈጥሯዊ ይመስላል። ከኢንሹራንስ አንጻር ግን ሌላ ሙያ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ገብቶበታል፤ ሽፋኑ በብዙ ቦታ ይበሳል፣ ክብደት ይጨመራል፣ ፓነሉ ላይ የተነሣ እሳት ወደ ጣሪያው ይወርዳል። ክብደቱን የሚችል መሆኑን ራሱ ካሰላ ደግሞ የዲዛይን ኃላፊነት ውስጥ ገብቷል፤ ይህ የተለየ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ይፈልጋል። በማመልከቻው ላይ «የቆርቆሮ ጣሪያ ሥራ» ብቻ የጻፈ ሰው ኩባንያው የተስማማው ለዚያ ብቻ ነው።

ማመልከቻውን በሐቅ መሙላት የውሉ መሠረት ነው። የሕጎቹ ጥብቅነት ግን ይለያያል። በእንግሊዝ የ2015ቱ የኢንሹራንስ ሕግ ውል ገቢው ስጋቱን በአግባቡ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ኩባንያው ከደረሰው ጉዳት ጋር ሊገናኝ በማይችል የውል ጥሰት አመካኝቶ ካሳ እንዳይከለክል ይገድባል። ሁሉም አገር እንዲህ አይልም። የማንቂያ ደወል አለመኖሩ የዝናብ ጉዳትን ካሳ የሚያስቀርበት ቦታ ሊኖር ስለሚችል፣ የራስን አገር ሕግ ከአንድ ጠበቃ ጋር አንዴ ማየት ይጠቅማል።

ሠርተፍኬቱና ውሉ

የፕሮጀክት ባለቤቶች የኢንሹራንስ ሠርተፍኬት ይጠይቃሉ፤ ተቋራጮች ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ያንን ወረቀት ኢንሹራንስ አድርገው ያዩታል። ሠርተፍኬት ግን በተሰጠበት ቀን ውል እንደነበረ የሚናገር ብቻ ነው። ያልተከፈለ አረቦን በማግሥቱ ውሉን ሊያቋርጠው ይችላል፤ «አይሸፈንም» የሚለውም ዝርዝር እዚያ ላይ አይታይም። ንዑስ ተቋራጭ ሠርተፍኬት ሲያመጣ ወደ ኩባንያው ደውሎ ማረጋገጥና የሚያልቅበትን ቀን መመዝገብ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ተጨማሪ መድን ገቢ ተብሎ መመዝገብም ሁለት መልክ አለው፤ ሥራው በሂደት ላይ ሳለ ብቻ ወይም ከተጠናቀቀም በኋላ። ባለቤቱ ሁለተኛውን ጠይቆ ተቋራጩ የመጀመሪያውን ካቀረበ፣ ተቋራጩ ኮንትራቱን ጥሷል ማለት ነው፤ የኮንትራት ጥሰትን ደግሞ ኢንሹራንሱ አይሸፍንለትም።

ስለዚህ የኢንሹራንስ ደላላው ፊት ይዞ መቅረብ የሚሻለው ያለፉትን 12 ወራት ሥራዎች ዝርዝር ይመስለኛል። የትኛው ከፍ ያለ ነበር፣ የትኛው በነበልባል ተሠራ፣ የትኛው ለሌላ ቡድን ተሰጠ፣ የትኛው የጋራ መኖሪያ ነበር፣ የትኛው ጣሪያ ክፍት አደረ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ «ይህ ቢበላሽ ይህ ውል ይከፍላል ወይ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በኢሜይል መቀበል ይቻላል። ደላላው ዝርዝሩን አይቶ ፊቱ ከተለወጠ ያም መልስ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ቅድመ ሁኔታዎቹ ወደ ጣሪያው መውጣት አለባቸው። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ውል ፎርማኑ አያነበውም። የክፍት ጣሪያ አንቀጹን፣ የነበልባል ጥበቃ ሰዓቱንና የደህንነት ቀበቶ ግዴታውን በአንድ ገጽ አውጥቶ በመኪናው ውስጥ መለጠፍ ያዋጣል። ማታ ማታ ሸራው ተዘርግቶ የተነሣ ፎቶ፣ የዕለቱ የአየር ትንበያ፣ ነበልባሉ የጠፋበትና ጠባቂው ቦታውን የለቀቀበት ሰዓት በፊርማ ይቀመጥ። ዝናቡ ከመጣ በኋላ የኩባንያው ጉዳት ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚያን ነው፤ ተቋራጩም በዚያው ቀን ለኩባንያው በጽሑፍ ካሳወቀ ስልኩ ውስጥ ያለው የማታው ፎቶ ከማመልከቻው ጋር አብሮ ይሄዳል።